የቀለጠ እርሳስ ውስጥ የገባ ጣት

እርሳስ የሚቀልጠው 327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። በአሜሪካ የክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ጄርል ዎከር ግን ተማሪዎቻቸው ፊት ቆመው ጣቶቻቸውን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ፣ ወዲያው 400 ዲግሪ ገደማ በጋለ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ያስገቡና ያወጣሉ። ጣቶቹ እንደነበሩ ይመለሳሉ። ቆዳው አይላጥም፣ ውሃም አይቋጥርም። ዎከር የሚያስተምሩትን ፊዚክስ በገዛ ሥጋቸው የሚፈትኑበት ትርኢት ነበር።

«ሚትበስተርስ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ሊያጣራ ተነሣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዘጋጆቹ አዳም ሳቬጅና ጄሚ ሃይነማን ግን ጣታቸውን ለማስገባት አልቸኮሉም፤ በመጀመሪያ ቋሊማ ነበር ያስገቡት። እርጥቡ ቋሊማ ሳይጎዳ ሲወጣላቸው ነው የራሳቸውን ጣት ያረጠቡት። እነሱም በደህና አወጡት።

ጣቱን ያዳነው እንፋሎት ነው። ነገሩን በዓይን ለማየት ደግሞ እርሳስ ማቅለጥ አያስፈልግም፤ ለስላሳ የብረት መጥበሻና ጥቂት ጠብታ ውሃ ይበቃል። መጥበሻው ገና ለብ ሲል የወደቀችበት ጠብታ ጠፍጠፍ ብላ ትዘረጋና ቀስ በቀስ ትተናለች። እሳቱ ጨምሮ ብረቱ ከ100 ዲግሪ በደንብ ሲያልፍ ጠብታዋ ገና ከማረፏ «ችስስ» ብላ፣ ተንጫጭታ ትጠፋለች። እስከዚህ ድረስ የሚያስገርም ነገር የለም፤ ብረቱ በጋለ ቁጥር ውሃው ቶሎ ያልቃል። መጥበሻው ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጩኸቱ ይቆማል። ጠብታዋ ተድቦልቡላ፣ መስታወት የመሰለ ገላዋን ይዛ፣ መጥበሻው ላይ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። ብረቱ ከቅድሙ ይበልጥ ግሎ ሳለ የውሃዋ ዕድሜ ግን ረዝሟል፤ አንድ ደቂቃ ያህል የምትቆይበት ጊዜ አለ። ጎንበስ ብሎ በጎን ያያት ሰው ብረቱን ጨርሶ እንዳልነካች ሊያስተውል ይችላል። (እንዳያጣብቅ የተቀባ መጥበሻን ባዶውን እንዲህ ማጋል አይመከርም፤ ቅቡ ይበላሻል፣ ጭሱም ጥሩ አይደለም።)

ይህን በጥንቃቄ መርምረው በስማቸው ያስጠሩት ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ጎትሎብ ላይደንፍሮስት ናቸው። በዱይስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር የነበሩት እኚህ ሰው በ1756 ስለ ተራ ውሃ ጠባዮች በላቲን አንድ ድርሳን አሳተሙ። የሙከራ መሣሪያቸው የብረት ማንኪያ፣ የከሰል ፍምና ፔንዱለም ነበር። ማንኪያውን ፍም እስኪመስል አግለው አንዲት ጠብታ ይጥሉበታል፣ የፔንዱለሙን ውዝዋዜ እየቆጠሩም ጠብታዋ እስክትጠፋ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያዋ ጠብታ 30 ሰከንድ ያህል ቆየች። በዚያው ማንኪያ ላይ የወደቁት ተከታዮቹ ጠብታዎች ግን፣ ማንኪያው እየበረደ በሄደ ቁጥር ዕድሜያቸው እያጠረ፣ በጥቂት ሰከንዶች አለቁ። የበረደው ማንኪያ ውሃውን ከጋለው ማንኪያ ፈጥኖ ጨረሰው ማለት ነው። ሐኪሙ በጠብታዋና በማንኪያው መካከል የሻማ ብርሃን ሲያልፍም አይተዋል። ሆላንዳዊው ሊቅ ኸርማን ቡርሃቭ ነገሩን አስቀድመው በ1732 አውስተውት ነበር፤ ዝናው ግን ለቆጠሩት ሰው ሆነ።

በመካከል ያለው ክፍተት ስፋቱ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ጠብታዋ ወደ ጋለው ብረት ስትቃረብ የታችኛው ገጿ በቅጽበት ይተንና እንፋሎት ይሆናል፤ የቀረው ውሃ በዚያ እንፋሎት ላይ ይንሳፈፋል። የጠብታዋ ክብደት እንፋሎቱን በዳር በዳር ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ከሥሯ ደግሞ አዲስ እየተነነ ይተካዋል። መሹለኩና መተካቱ እስከተመጣጠነ ድረስ ውሃና ብረት አይገናኙም።

እንፋሎት ይህን ሊያደርግ የቻለው ሙቀት አስተላላፊነቱ ደካማ ስለሆነ ነው። ፈሳሽ ውሃ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከእንፋሎት ከ20 እጥፍ በላይ በሆነ ብቃት ነው። ከዚህ ሌላ መትነን ራሱ ብዙ ሙቀት ይበላል። አንድ ግራም ውሃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ጁል ያህል ኃይል ይበቃል፤ ያንኑ 100 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,257 ጁል ያስፈልጋል። እርጥብ ጣት እርሳስ ውስጥ ሲገባ የእርሳሱ ሙቀት በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ውሃ ነው። ውሃውን አትንኖ፣ የእንፋሎቱን ሽፋን አልፎ ቆዳው ዘንድ ሳይደርስ ጣቱ ወጥቷል። ጣቱ ግን ትንሽ ቢዘገይ ውሃው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የለም።

እዚህ ላይ አእምሮ ለመቀበል የሚቸገርበት ነጥብ አለ፤ በዚህ ሙከራ ይበልጥ የሚያሰጋው መጠነኛ ሙቀት ያለው እርሳስ ነው። እርሳሱ ከመቅለጫው እምብዛም ካልራቀ ጣቱ ሲገባ ዙሪያው ቀዝቅዞ ይረጋና ቆዳው ላይ ይጣበቃል። ዎከር ሁልጊዜ ከመቅለጫው በጣም አልፎ የጋለ እርሳስ የሚመርጡት ለዚህ ነበር። እኚሁ ሰው እንፋሎትን አምነው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ ናይትሮጅንም አፋቸው ውስጥ ይይዙ ነበር። እዚያም አፋቸውን የሚጠብቀው የናይትሮጅኑ ተን ነው። ይሁንና አንድ ቀን ብርዱ የሁለት የፊት ጥርሶቻቸውን ሽፋን ሰነጣጠቀው፣ የጥርስ ሐኪማቸውም ትርኢቱን እንዲተዉት አሳመኗቸው። ፊዚክሱን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው እንኳ ሽፋኑ ሁልጊዜ አይታመንም።

ሳይንቲስቶች ሳይደርሱበት ገና ይህን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በግብፅና በአጎራባች አገሮች ከሚኖሩ በድዊን ዐረቦች መካከል «ቢሻዓ» የሚባል የፍርድ ሥርዓት አለ፤ የተከሰሰ ሰው በእሳት የጋለ ብረት በምላሱ ይልሳል። ከላሰ በኋላ አፉን በውሃ ይጉመጠመጣል፣ ምላሱም ይታያል፤ የቆሰለ ጥፋተኛ ይባላል። የፊዚክስ ሰዎች ሲያስረዱ፣ ምራቅ ያለውን ምላስ ለቅጽበት እንፋሎት ይሸፍነዋል፣ በፍርሃት አፉ የደረቀ ሰው ግን ሽፋን የለውም ይላሉ። ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው የምራቅ መጠን ነው ማለት ነው። ንጹሕ ሰውም በፍርሃት አፉ ሊደርቅ እንደሚችል ማንም ያውቃል፤ ዓይን ያወጣ ዋሾም ምራቁ ላይጎድል ይችላል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ፒየር ኢፖሊት ቡቲኚ የተባሉ ፈረንሳዊ የመድኃኒት ቀማሚ ነገሩን የአደባባይ ሳይንስ አደረጉት። በ1840ዎቹ ቀይ የጋለ ማቅለጫ ውስጥ ፈሳሽ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አፍስሰው፣ በላዩ ውሃ ጨምረው፣ ከእሳት መሐል በረዶ አወጡ። ፈሳሹ በራሱ ተን ተከልሎ እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚቆይ ውሃውን ያረጋዋል። ዝነኛው ምትሃተኛ ሮቤር ኡደን ከቡቲኚ ጋር ብረት ማቅለጫ ሄደው፣ ያረጠቡትን እጃቸውን እየተንዠቀዠቀ በሚወርድ የቀለጠ ብረት ውስጥ እንዳሳለፉ ጽፈዋል። የቀለጠ ብረት ከ1,100 ዲግሪ ያልፋል።

ፍም ላይ በባዶ እግር መራመድም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ተርታ ይመደባል። እዚያ ግን ላብ የሚፈጥረው እንፋሎት ቢረዳም ድርሻው ትንሽ ነው። እግሩን የሚያድነው ከሰልና አመድ ሙቀትን በዝግታ የሚያስተላልፉ መሆናቸውና እርምጃው ፈጣን መሆኑ ነው። በዚያው እሳት የጋለ ብረት ላይ የረገጠ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀው ነበር።

እንፋሎቱ የሚጋርደው ግን ከእሳት ብቻ አይደለም። ውሃ ውስጥ የገባን የጋለ ነገርም ከቅዝቃዜ ይጋርደዋል፤ ይህ ደግሞ ለብዙ ሙያተኛ ራስ ምታት ነው። ባለእጅ አንጥረኛ ቀይ የጋለ ማረሻ ወይም ማጭድ ውሃ ውስጥ የሚነክረው ብረቱ ቶሎ ቀዝቅዞ እንዲጠነክር ነው። ብረቱ ገና ሲገባ ግን የእንፋሎት ሽፋን ይጋርደውና መቀዝቀዙ ይዘገያል። ጥቂት ቆይቶ ሽፋኑ ሲበጣጠስ ነው ውሃው ብረቱን የሚያገኘውና ኃይለኛው ጩኸትና አረፋ የሚመጣው፤ አብዛኛው ሙቀት የሚወጣውም በዚያን ጊዜ ነው። ሽፋኑ በአንድ ጎን ቀድሞ፣ በሌላው ዘግይቶ ከፈረሰ ብረቱ ወጣ ገባ ሆኖ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ቦታ ይለሰልሳል፣ ሌላው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ባለሙያው ብረቱን ውሃው ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ለዚህ ነው። ውሃው ውስጥ ጨው ሲጨመርም በጋለው ብረት ላይ የሚረጋው የጨው ቅንጣት ሽፋኑን ይበጣጥሰዋል።

የእንፋሎቱ ሽፋን ሙቀትን እንደሚያግድ በልኬት ያሳዩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺሮ ኑኪያማ ናቸው። በ1934 በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ቀጭን የብረት ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ እየጨመሩ አሞቁት። ሽቦው ኃይል በጨመሩለት ቁጥር ብዙ አረፋ እየፈጠረ ሙቀቱን ለውሃው በሚገባ ያስረክብ ነበር፤ የሽቦው ሙቀትም ብዙ ሳይጨምር ቆየ። አንድ ወሰን ላይ ሲደርስ ግን አረፋዎቹ ተያይዘው ሽቦውን እንደ ልባስ ጠቀለሉት። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ መውጫ አጣ፤ የሽቦው ሙቀት ድንገት በብዙ መቶ ዲግሪ ዘለለ፣ ከናይክሮም የተሠራው ሽቦም ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀለጠ።

የኑክሌር ማብላያ የሚሠሩ መሐንዲሶች ከዚህ ወሰን የሚሸሹት ለዚሁ ነው። የነዳጁ ዘንግ በሚፈስ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው በዘንጉ ላይ አረፋ ማውጣቱ አያስጨንቅም፣ እንዲያውም ሙቀት ያነሣል። አረፋው ተያይዞ ሽፋን ከሠራ ግን ውሃው በዙሪያው ሞልቶ ሳለ ዘንጉ ይቃጠላል። ማብላያዎች ከዚህ ወሰን በብዙ ዝቅ ብለው እንዲሠሩ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ሽፋኑ በዝግታ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ቢፈርስስ? ያን ጊዜ ውሃው ከጋለው ነገር ጋር በቀጥታ ይጋጠማል። ቀልጦ የነበረው ነገር ይበታተናል፣ በተበታተነ ቁጥር ውሃ የሚነካው ገጽ ይበዛል፣ ሌላ እንፋሎት ይወለዳል፤ ሁሉም ነገር የሚሆነው ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጥ እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,700 ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታውን ካላገኘ ያፈነዳል። ብረት ማቅለጫ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከእሳቱ እኩል ወለል ላይ የተረሳ ውሃን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2018 በሐዋይ የኪላዌያ እሳተ ገሞራ ላቫ ወደ ባሕር ሲፈስ ለማየት በጀልባ የሄዱ ቱሪስቶች ላይ የደረሰውም ከዚህ ወገን ነው። ላቫውና የባሕሩ ውሃ ባስነሡት ፍንዳታ የተወረወረ ድንጋይ የጀልባዋን ጣራ በስቶ ገባ፤ 23 ሰዎች ተጎዱ።

በቀይ ባሕር ዳር፣ በሳዑዲ ዐረቢያ የሚገኘው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ድንገተኛ መፍረስ ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ሞከሩ። 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸውን የብረት እንክብሎች ውሃ በሚያባርር ሽፋን ቀብተው፣ እስከ 400 ዲግሪ አግለው፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ጣሏቸው። ያልተቀባ እንክብል መጨረሻ ላይ ሽፋኑ ሲፈርስበት በጩኸትና በአረፋ ይናጣል። የተቀባው ግን ሙቀቱ ወደ ውሃው መፍያ እስኪወርድ ድረስ የእንፋሎት ልብሱን ሳያወልቅ በጸጥታ በረደ። ውጤቱ በ2012 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ይኸው ቡድን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በራሱ በፈሳሹ ተን የተጠቀለለ የጋለ እንክብል ፈሳሽ ውስጥ ሲወርድ የሚገጥመው መጎተት ከ85 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር።

ሌሎች ጠብታዋን ሥራ ሊያስይዟት ይፈልጋሉ። በ2006 የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው ሃይነር ሊንከና ባልደረቦቻቸው የመጋዝ ጥርስ የመሰሉ ጥርሶች በወጡለት የጋለ ብረት ላይ ጠብታ ጣሉ፤ ከሥሯ የሚሾልከው እንፋሎት በጥርሶቹ ምክንያት ወደ አንድ ወገን ስለሚገፋ ጠብታዋ ራሷን እየነዳች ዳገት ወጣች። በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይህን አይተው ጠብታ የምትሄድበት ግራ የሚያጋባ የተጠማዘዘ መንገድ ሠርተዋል። ጨዋታ ይመስላል፤ ተመራማሪዎቹ የሚያስቡት ግን ያለ ፓምፕ ፈሳሽ የሚያንቀሳቅስ ማቀዝቀዣ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ግን የሚፈለገው የሽፋኑን መጥፋት የሚያመጣ ዘዴ ነው፤ ማቀዝቀዝ የሚፈልግ ሁሉ ውሃው ብረቱን እንዲነካለት ይፈልጋል። በ2022 በሆንግ ኮንግ የከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ይህን ከ1,000 ዲግሪ በላይ አሳካሁ አለ። ዘዴው ሦስት ነገር ያጣምራል፤ ሙቀት የሚያስተላልፉ የብረት ዓምዶች፣ በመካከላቸው የተዘረጋ ውሃ የሚመጥ የማይቃጠል ስስ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር ደግሞ እንፋሎቱ የሚወጣባቸው ቦዮች። ውሃው በጨርቁ ይያዛል፣ እንፋሎቱም ተጠራቅሞ ሽፋን ሳይሠራ ከሥር ያመልጣል። ፈተናው 1,150 ዲግሪ ድረስ ሄዷል። በማብላያዎችና በአውሮፕላን ሞተሮች ውስጥ ይሠራ እንደሆነ የሚታየው ከቤተ ሙከራ ሲወጣ ነው።

ለተራው ሰው የሚበጀው ግን ወጥ ቤት ያለው ነው። በጋለ ብረት ላይ ጠብታን የሚጠብቀው እንፋሎት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ጠላት ይሆናል፤ የ100 ዲግሪ እንፋሎት ቆዳ ነክቶ ወደ ውሃ ሲመለስ የዋጠውን 2,257 ጁል በግራም ይመልሳል። ከዚያም እስከ ሰውነት ሙቀት ሲበርድ ተጨማሪ ሙቀት ያፈሳል፤ በድምሩ ከእኩል ግራም የፈላ ውሃ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ያህል ነው። የድስት ክዳን ሲከፈት ከፊት ርቆ፣ ወደ ራስ ሳይሆን ወደ ሌላ ወገን ይከፈት። የጋለ ድስት በእርጥብ ጨርቅ አይነሣ፤ ውሃው ሙቀቱን ከደረቅ ጨርቅ አፍጥኖ ያደርሳል፣ ከእጅ ሥርም እንፋሎት ይሠራል። የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውሃ አይደፋ፤ ውሃው ከዘይቱ ሥር ይወርድና በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ እሳቱን ወደ ላይ ይወረውረዋል። እሳቱ ይጠፋ ዘንድ ማንደጃውን ማጥፋትና ክዳን መክደን ይሻላል።

ሰው ከተቃጠለ ደግሞ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም ቡና አይቀባ፤ የተቃጠለው ቦታ ቀዝቃዛ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይቆይ፣ በረዶ ግን አይደረግበት፤ ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።